አባባ የደበቋት ቦራ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ሦስት ቀን አመንትቻለሁ። የአንዲት ጊደር መደበቅ ነው፤ ሌላ ትልቅ ነገር የለበትም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት መምህራችን ቤተ ሙከራ ውስጥ የክትባት ብልቃጥ ከፍ አድርገው ሲያሳዩን፣ ለስንት ከብት እንደሚበቃ ከሁሉም ቀድሜ ተናገርኩ። «የት ተማርሽው?» አሉኝ። መልሱ ረጅም ስለሆነ «ከሀገሬ» ብዬ ተቀመጥኩ። ረጅሙ መልስ ይኸውና።

ልጅ እያለሁ የምኖረው ከአያቴ ጋር ነበር፤ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር። አያቴን አባባ ነው የምላቸው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ጊደር የራስሽ ናት ብለው ሰጡኝ። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ አልናት። ጠላ በተጠመቀ ቁጥር አተላውን ለእሷ ስለማደላ ሰውነቷ ሞልቶ ጠጉሯ ያብረቀርቅ ነበር። የአተላውና የእርጥብ እበቱ ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም።

በየዓመቱ ግንቦት ሚካኤል የቀበሌው ከብት ለክትባት ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። በዓል ስለሆነ በሬ አይጠመድም፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን እንዳጣፋ ከብቱን እየነዳ ይመጣል። የሚከትቡት ጋሼ ይበልጣል ነበሩ። ከከተማው የእንስሳት ክሊኒክ በሞተር ሳይክል የሚመጡ የእንስሳት ጤና ረዳት ናቸው። ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማረም ሰልችቷቸው ትተውታል።

የዚያን ዓመት ጠዋት አባባ ሌሎቹን ከብቶች አስወጥተው ቦራን ጋጣ ውስጥ አስቀሯት። «እንዲህ የወዛች ጊደር ያ ሁሉ ዓይን ፊት አላቆምም» አሉ። ሜዳው ላይ ጋሼ ይበልጣል መርፌያቸውን እያዘጋጁ «እነዚህ ብቻ ናቸው?» ሲሉኝ «አዎ ጋሼ» አልኩ። ትልቅ ሰው ማስደሰት እወድ ነበር። አባባን ሳስደስት ጋሼን እየዋሸሁ መሆኔ ግን ከበደኝ።

ሰኔ እንደገባ የጓደኛዬ የጥሩዬ እናት ወይፈን ጠዋት ሲያነክስ ታየ፤ ሳይመሽ ሞተ። ጭኑ አብጦ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሽ ነበር። አባ ጎርባ ነው ተባለ። ይህ በሽታ የሚመርጠው ወጣቱንና የወፈረውን ነው። ጥሩዬ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «እማዬ ለሚካኤል ደብቃው ነበር፤ ለሰው እንዳትነግሪ» አለችኝ። እኔ ያሰብኩት ስለ ቦራ ነው። ማታ አባባን ዶክተሩን እንጥራቸው ብላቸው «ደብቄ ነበር ብዬ በየትኛው አፌ ልንገረው?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ በዚያው ወደ ከተማ ሮጥኩ። ክሊኒኩ አልኮልና ፍየል ይሸታል። «ጋሼ፣ ዋሽቼዎት ነበር፤ አንድ ጊደር ቀርታለች» አልኳቸው። አልተቆጡም። በረዶ ያለበትን ሣጥን ከፍተው አንድ ብልቃጥ አሳዩኝ።

«ይህ ለሃምሳ ከብት ነው። አንዴ ከተከፈተ የዚያኑ ዕለት ካላለቀ ይደፋል። ላንች ጊደር ብቻ አልከፍተውም። ሃያ ካገኘሽልኝ ግን እመጣለሁ።»

«የደበቀ ሰው ደበቅሁ ይላል እንዴ?»

«ሜዳ አውጡ አልላቸውም። በየበረታቸው እሄዳለሁ፤ ከእኔ በቀር የሚያይ የለም በያቸው።»

ትልልቆቹን መጠየቅ አልደፈርኩም። ግን ከብት ጋጣ ውስጥ ሲቀር ልጅ የማያውቀው የለም። በእረፍት ሰዓት ቅልብልቦሽ ስንጫወት የጋሼን ቃል ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ የማንንም ስም እንደማላወጣም ማልኩ። መጀመሪያ ጥሩዬ ስለ ቀረችው ጥጃቸው አንድ ጠጠር እቅፌ ላይ ጣለች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ወንዶቹም መጡ። መልእክቱን ለየቤታቸው አደረሱ፤ የወይፈኑ ሞት አስደንግጧቸው ስለነበር ወላጆቻቸው እሺ አሉ። በሦስተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ ጠጠር ነበረኝ። የቀረችው ቦራ ናት።

አባባ ደጃፍ ላይ ቀንበር ሲጠርቡ ደረስኩና ጠጠሮቹን ፊታቸው ዘረገፍኳቸው።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ተደብቆ የቀረ ከብት ነው፣ አባባ።»

በጣታቸው እየለዩ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። «ይህኛው የማን ነው?» አሉ አንዱን አንስተው።

«አልናገርም ብዬ ምያለሁ።»

ጠጠሩን መለሱትና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔ እኮ ብቻዬን መስሎኝ ስሸማቀቅ ከረምሁ» አሉ። ከእግራቸው ሥር አንድ ጠጠር አንስተው ከሌሎቹ ጋር ቀላቀሉት።

ሃያ መሙላቱን ክሊኒክ ሄጄ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጋሼ ይበልጣል ሞተራቸው ጭቃ ውስጥ ተይዞባቸው ሣጥኑን ተሸክመው፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው እየመሯቸው፣ በእግር ከበረት በረት ዞሩ። እኛ ቤት ሲደርሱ አባባ ጋጣው በር ላይ ቆመው «መጀመሪያ ትፍ ትፍ በልባት» አሏቸው። ጋሼ ሳይስቁ፣ መርፌውን እንደያዙ፣ ትፍ ትፍ አሉ። ከዚያ ወጓት። እኔ ጆሮዋን ይዤ ነበር። የእንስሳት ሐኪም መሆን የፈለግሁት እዚያው ቆሜ ነው።

ቦራ በበሽታው ሳትነካ ብዙ ወለደች። ጋሼም በየዓመቱ የሜዳውን ሥራ ሲጨርሱ ጋጣ የቀረችውን ለመከተብ ወደ በረታችን ብቅ ይሉ ነበር። ዛሬ የክትባት ቀን በስልክ ይነገራል። ከዐረብ ሀገር የተመለሱ እህቶቻችን የወተት ላም እያረቡ ገና ስታስል ሐኪም ይጠራሉ። ቢሆንም በየመንደሩ የወፈረችው አሁንም ጋጣ ትቀራለች። የክፍል ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ ከተመረቅሁ በኋላ እንደዚያ ያለ በረት በር ላይ ስደርስ ምን እንደምል አውቃለሁ።

ዘንድሮ ለሚካኤል ሀገር ቤት ሄጄ ሜዳው ላይ ጋሼ ይበልጣልን ሳግዝ፣ አባባ ምርኩዛቸውን ይዘው የቦራን የልጅ ልጅ እየሳቡ በሰው መሐል መጡ። ከከብቱ ሁሉ የወፈረችው እሷ ነበረች። «ትፍ ትፍ በይባትና ውጊያት» አሉኝ ሰው እየሰማ። ትፍ ትፍ አልኩባት። ጋሼ መርፌውን አቀበሉኝና አጠገቤ ቆመው እያዩኝ ወጋኋት። እኛ ቤት ከብት መደበቅ የቀረው ያን ዕለት፣ ግንቦት 12 ቀን ነው።