ድልድዩ የሚነሣበት ቀን

ፕላሲ በሱርቫል ሸለቆ የእግር መንገድ ጠባቂ ከሆነ አርባ ሁለት ዓመት አልፎታል። ድንጋይና ዛፍ ላይ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ መቀባት ጥርሱን የነቀለበት ሙያ ነው። ቀብቶ ሲጨርስ ጥቂት ይራመድና ዞሮ ያያል፤ ለወጪው የሚታይ ምልክት ለወራጁም ካልታየ እንዳልተቀባ ይቆጠራልና። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው መንገደኛን ይጠቅማል እንጂ አብሮት ለሚኖር አይመችም። እሑድ ለመውጣት ገና ረቡዕ ካርታውን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ መነሻውን፣ መድረሻውን፣ የመመለሻ አውቶቡሱን በየሰዓቱ ይጽፋል። መንገድ ዳር የተተከለው፣ የጉዞውን ጊዜ የሚናገረው ቢጫ ሰሌዳ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ሚስቱ ኡርሺና ግን በሰሌዳው ፍጥነት ተራምዳ አታውቅም። እሱ ቀድሟት ይሄድና አንድ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ ልክ ስትደርስ «በይ እንሂድ» ብሎ ይነሣል።

«አንተ ሰውዬ፣» ትለዋለች፣ «ዕድሜ ልካችንን አንተ ስታርፍ እኔ ስሄድ ኖርን። ሰሌዳህ ላይ ማረፊያ የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

«ሰሌዳው ማረፊያ አይቆጥርም። ሕጉ ነው።»

«ሕጉን ያወጣው ሚስት የሌለው መሆን አለበት።»

ሁለቱም ይስቁና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ የኡርሺና ልብ ደከመ። ከሆስፒታል ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ፕላውን የሚባለውን የተራራ ማረፊያ ቤት አንዴ ወጥታ ማየት። በሃያ ዓመቷ እዚያ ወጥ ቤት ስትሠራ ነው ፕላሲ የቀለም ጣሳ አንጠልጥሎ መጥቶ፣ ገና ፈግፍጋ ያጠበችው የበሩ ደፍ ላይ ቀይ ቀለም የደፋባት። ስድቡን ጠግቦ ወረደ። በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ተመለሰ፤ የቀረውን መገመት ነው። ቀለሙ ግን በብሩሽም በአሸዋም አልለቀቀም።

«በዚህ ሳምንት እንሂድ፣» አለችው ጥቅምት አሥራ ሦስት ቀን። «ሐኪሙ አትሂጂ አላለኝም፤ አትቸኩዪ ነው ያለኝ።»

«ከነገ ወዲያ ድልድዩ ይነሣል።»

ከመንደሩ በላይ፣ በፕላውን መንገድ ላይ ጅረቱን የሚያሻግረው የእንጨት ድልድይ በየዓመቱ ጥቅምት አሥራ አምስት ይፈታል። ካልተፈታ በበረዶው ወራት ከላይ የሚናደው ጠራርጎ ይወስደዋል። ከፕላሲ በፊት የነበረው ጠባቂ አንዴ አዘግይቶት በረዶው ወሰደበት፤ ሰውዬው እስኪሞት ድረስ መንደሩ ሲተርብበት ኖረ። ፕላሲ ግን አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም።

«እስኪ አንድ ሳምንት አቆየው። ሰማዩን አላየኸውም?»

«ሰማይ ያታልላል። በሰኔ ስመልሰው የመጀመሪያዋ ተሻጋሪ አንቺ ነሽ። አሳምሬ አቅደዋለሁ።»

«እሺ፣» አለችው። ክርክር ሲሰለቻት እሺ ማለት ልማዷ ነበር።

ድልድዩ በቀኑ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ላርች የሚባለው ዛፍ ተራራውን ቢጫ አለበሰው፤ ኅዳር ገብቶ ሰው በሸሚዝ ዋለ። ኡርሺና ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ ታያለች። አልወቀሰችውም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ድልድይህ ደህና ተኝቷል?» አለችው። ፕላሲ እንጨት ልፍለጥ ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። የተፈለጠ እንጨት እስከ ጣሪያው ሞልቶ ነበር።

በረዶው ሲገባ የሰኔውን ጉዞ ማቀድ ጀመረ። ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት እያመላለሳት፣ ሳታርፍ ስንቴ እንደምትችል ይቆጥራል። በታኅሣሥ ሠላሳ ጊዜ ተመላለሰች፤ እሱም በካርታው ላይ ስምንት ማረፊያ ምልክት አድርጎ አራት ሰዓት ብሎ ጻፈ። በጥር ምልልሱ ሃያ ሆነ፣ ካርታው ላይ አሥራ ሁለት ማረፊያ። በየካቲት አሥራ አንደኛው ምልልስ ላይ ስትቀመጥ ወረቀቱን ቀደደና እንደገና ጻፈው፤ የወደቀው ግንድ፣ የላሞቹ ውሃ ገንዳ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ፣ እያለ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ።

«ሰባት ሰዓት?» አለች ወረቀቱን ወደ መነጽሯ አስጠግታ። «ከዚህ በላይ ከዘገየሁማ ወደ ኋላ መሄዴ ነው።»

«ፕላውን ላይ ሾርባውን ያቆዩልናል።»

«እውነት ሁሉም ጋ አብረኸኝ ትቀመጣለህ?»

«አብሬሽ።»

«ስደርስ ሳትነሣ?»

«ሳልነሣ።»

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሞተች። ታች ሜዳው አረንጓዴ ነበር፤ ላይ ገና በረዶ።

በሰኔ ፕላሲ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ድልድዩን መልሶ ዘረጋ። በማግስቱ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ብቻውን ተሻገረ። አሥራ ዘጠኙም ቦታ ላይ፣ የጻፈውን ደቂቃ ያህል ተቀመጠ። የሚያልፉ ወጣቶች፣ «አባት፣ አሞዎት ነው?» እያሉ ይጠይቁታል።

«አይ፣ እያረፍኩ ነው።»

ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አለቀሰ። ለአርባ ዓመት እሷን ጥሎ እየቀደመ የቆጠበው ጊዜ የት እንደገባ ቢያስብ ቢያስብ ሊያገኘው አልቻለም።

የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ባርብላ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ጋሼ ፕላሲ፣ እዚያ ታች በሩቅ ማያ መነጽር ካየሁህ ስንት ሰዓት ሆነ። ምነው?»

«ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ።»

«ሰሌዳው ሁለት ተኩል ነው የሚለው። ያውም ራስህ የተከልከው።»

«ሰሌዳው ማረፊያ አይቆጥርም፣» አላት።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ደፉ ላይ ያለውን ቀይ በመዳፉ ዳሰሰው። ባርብላ የገብስ ሾርባ አቀረበችለት፤ ሳይነካው ቀዘቀዘ።

ጥቅምት አሥራ አምስት ሁለቱ ሠራተኞች ገመድና መፍቻ ይዘው መጡ። ዳመናው ዝቅ ብሎ፣ አየሩ በረዶ በረዶ ይሸት ነበር።

«በሚቀጥለው ሳምንት ኑ፣» አላቸው።

«ምን ነካህ? በረዶው እኮ መጣ።»

«የሚሻገር ሰው ሊኖር ይችላል።»

ሰዎቹ ገመዳቸውን ይዘው ወረዱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይህንን ከፕላሲ የበለጠ የሚያውቅ በሸለቆው አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እየወጣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማንም አልተሻገረም። በስምንተኛው ቀን ሰዎቹን ጠራና ሳንቃዎቹን አብሯቸው ፈታ።