ጠናበት ሲባል

የምሠራው ቶንጎ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከቀበሌዎች የሚመጣውን ወሬ ሰብስቤ ወደ ክልል የሚላከውን ሪፖርት እጽፋለሁ። ድልድይ ተሰንጥቆ «አሳሳቢ» ብዬ ስጽፍ አለቃዬ «አስጊ በይው፤ አሳሳቢ ያልሽውን ማንም አያነበውም» ይለኛል። የከብት በሽታ ገብቶ «አስጊ» ስል ደግሞ «ኧረ ተይ፣ ሰው ታስደነግጫለሽ» ብሎ ወደ «አሳሳቢ» ያወርደዋል። «አጣዳፊ» የሚለውን ቃል ያለ እሱ ፈቃድ አልነካም። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ፣ ቢያንስ ቃል መመዘን እችላለሁ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

በእኛ ሰፈር ቃል የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። «አመመው» ከተባለ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። «ታመመ» ከተባለ ተኝቷል። «ደከመ» የሚባለው ስለ ሽማግሌ ነው፤ ሰሚው ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። «ጠናበት» ሲባል ግን ሰው የያዘውን ጥሎ ይነሣል። ችግሩ፣ ሩቅ ላለ ልጅ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰውየው ቢሞትም «ጠንቶበታል፣ ነይ» ይባላል፤ እውነቱ የሚነገረው ቤት ከተደረሰና ደጋፊ ሰው ከከበበ በኋላ ነው። አክስቴ ስትሞት ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ወንድሜ «ትንሽ ጠንቶባታል» ብሎ ሲጠራኝ፣ ለበሽተኛ ብዬ ሙዝና ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ለቀስተኛው መሀል ፌስታሌን አንጠልጥዬ የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም። ሁለተኛ እንዲህ አልታለልም ብዬ ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ የአባቴ ጨጓራ ደማና እናቴና ወንድሜ አሶሳ ሆስፒታል ወሰዱት። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ደወለ።

«አባባ ጠንቶበታል። ቶሎ ነይ፤ ደግሞ…» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ብደውል ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ደጋግሜ መሞከር፣ ወይም ሆስፒታሉ አካባቢ የማውቀው ሰው መፈለግ እችል ነበር። ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? «ሞቷል ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። ጥቁር ሻሼን አስሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ አንዲት የበርታ እናት ተቀምጠው ነበር። ሳለቅስ አይተው ክንዴን ያዙኝና በተሰባበረ አማርኛ ጠየቁኝ።

«አንተ፣ ምን ሆነህ ታለቅሳለህ?»

«አባቴ…»

«ሞተ?»

እንዲህ ፊት ለፊት ሲሉት ደነገጥኩ። «ጠንቶበታል» አልኳቸው።

«ኧህ! ታመመ ነው እንጂ። የታመመ ሰው አለ። ሐኪም ጋ ሂድ፣ አታልቅስ።»

አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ነገሩ አልገባቸውም ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም አዘንኩላቸው። አሁን ሳስታውሰው ከሁሉ ይልቅ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ያ ማዘኔ ነው።

ለታመመ ሰው የሚኬደው አሶሳ ነው፤ የሞተ ግን ለቀብር ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ስለዚህ ባምባሲ ስንደርስ ወረድኩና ወደ መንደራችን በእግሬ ገባሁ። በራችን ተቆልፏል። ግቢው ውስጥ ዶሮዎች ብቻ ይጭራሉ። ሬሳው ገና መንገድ ላይ ነው አልኩ በልቤ። ጎረቤታችን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ እሷም ከትናንት ጀምሮ ወሬ ስትጠብቅ ቆይታለች። ሻሼን አየች፣ ፊቴን አየች።

«ምነው? ሆነ እንዴ?» አለችኝ።

አፌን ከፍቼ «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። የማውቀው አለማወቄን ብቻ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ጩኸቷ እስከ ወዲያኛው ሰፈር ድረስ ተሰማ። ሴቶቹ እየሮጡ መጡ። ቅሬው፣ ወላጆቻችን ከወሎ ይዘውት የመጡት የቀብር ማኅበር፣ ድንኳኑን ማውጣት ጀመረ። የእኛ ሰው ቀብር አያሳድርምና ጎረምሶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ወረዱ። እኔን መሀል አስቀምጠው ያለቅሱልኛል። የሚያለቅሱት እኔን አምነው ነበር።

የቅሬው ዳኛ፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ሬሳው በምን እየመጣ ነው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ወንድሜ።»

«ምን ብሎ?»

«ጠንቶበታል፣ ቶሎ ነይ ብሎ።»

«ሌላስ?»

ሌላ የለም። እሳቸው ትንሽ ራቅ ብለው ለወንድሜ ደወሉ። በዚያን ጊዜ ስልኩ ተነሣ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ የሽማግሌው ድምፅ ብቻ ይሰማል። «አሃ… ደም? … እሷን ነው የምትጠብቁት? … እዚህ ባምባሲ ደርሳለች፣ አሁን እንልካታለን።» ስለ ድንኳኑ ምንም አላሉም።

አባቴ ደም ያስፈልገው ነበር። የእሱና የእኔ ደም አንድ ዓይነት እንደሆነ ቤተሰቡ ያውቃል፤ ወንድሜ «ደግሞ» ብሎ የተቋረጠበትም እሱን ሊነግረኝ ሲል ነው። ለሚያጣጥር ሰው ይሮጣል፣ ለሞተ ሰው ይሰበሰባል። እኔ መሮጥ በሚገባኝ ሰዓት ሰው ሰብስቤ ተቀምጫለሁ።

«አለ? በሕይወት አለ?» አለች ጎረቤታችን። «እኔ ደግሞ ፊቴን ቧጥጬ! እዩልኝ እስቲ ጉንጬን!»

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ይሄን ነው?» አለች ሌላዋ።

«ኧረ ተዪያት፣ ደንግጣ ነው።»

«እኔስ አልደነገጥኩም? ኧረ አንዱ ሩጡና እነዚያን ልጆች አስቁሟቸው፣ ቆፍረው ሊጨርሱ ነው!»

አንዱ በሞተር ሳይክሉ አሶሳ አደረሰኝ። ሻሼን መንገድ ላይ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ስገባ አባቴ ክንዱ ላይ ደም ተሰክቶለታል። አጎራባች አልጋ ላይ የተኛውን በሽተኛ የሚያስታምመው ልጁ፣ ከድባጤ የመጣ የማናውቀው ሰው፣ እኔ ስቆይባቸው ከራሱ ሰጥቶ ነበር። ሁለተኛው ከረጢት ከእኔ ተወሰደ። ሰውየውን ላመሰግነው ሄጄ፣ ፊቱ ቆሜ፣ ቃል አጥቼ ተመለስኩ።

«የት ቆየሽ?» አለኝ ወንድሜ።

መኪና አጣሁ ልለው ነበር። «ባምባሲ ወርጄ» አልኩት።

«ባምባሲ ምን ልታደርጊ?»

ጥቁሩን ሻሽ ከኪሴ ሳወጣ ገባው። «እኔ ያልኩሽ ጠናበት ነው።»

«ለአክስቴም ያልከኝ እሱን ነው።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሚሰማ ያልመሰለን አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ «ቆፍረዋል?» አለ።

«ጀምረው ነበር፣ አባባ።»

«ይድፈኑት በያቸው። ክረምት ነው፣ ጥጃ ይገባበታል።»

እናቴ ሳቋንም እንባዋንም በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ተቀምጦ አጥሚት መጠጣት ሲጀምር ለመንደሩ መንገር የእኔ ፋንታ ሆነ። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ብዙ አሰብኩ። «ድኗል» ልበል? ሐኪሙ ገና አላለም። «ተሽሎታል» ልበል? እሱንም ሰው ለማጽናኛ ይለዋል። በመጨረሻ ለቅሬው ዳኛ ደውዬ «ጋሼ፣ አባባ በደንብ ተሽሎታል፤ አሁን አጥሚት እየጠጣ ነው» አልኳቸው።

ከኋላቸው «ምን አለች? ምን አለች?» የሚሉ ሴቶች ይሰማሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ክፉ ሳይናገሩ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ደግ ነው፣ ልጄ። እስቲ ስልኩን ለሱ ስጪው። ድምፁን ራሱን እንስማው።»

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ክንዱ ገና ስላልበረታ፣ አውርተው እስኪጨርሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤለት ቆምኩ።