ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ

ከመካነ ኢየሱስ የወጣሁት ሐሙስ ማለዳ፣ ሰኔ ሊገባ ሲል ነው። ይበልጣል የሚባለው የልጄ የአለምነሽ የበኩር ልጅ ቆላ ወርዶ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ሳለ አፈር ተንዶበት ሞተ። ጓደኞቹ ገንዘው በጭነት መኪና አመጡልን፤ ቀኑ ስለ ገፋ ካህናቱም መግነዙን ሳይፈቱ ቀበሩት። ኋላ ግን ወሬ መጣ። የተገነዘው በአቡጀዲ ሳይሆን ከሐዲድ ሥር በሚነጠፍ ጨርቅ ነው፣ እሱም አይበሰብስም አሉን። አለምነሽ ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰችም። «አፈር ነህና ወደ አፈር ትመለሳለህ ተብሎ የለ? ልጄ በየት በኩል ይመለስ?» ትለኛለች። ከአርባው በፊት መቃብሩን አስከፍታ በአቡጀዲ ልታስገንዘው ቆርጣለች። እኔም አስቀድሜ የገነዘውን ሰው ልጠይቅ ተነሣሁ። ሞላ ይባላል፤ አገሩ ታች ጋይንት ነው።

ወገዳ

እስከ ወገዳ በአይሱዙ ጀርባ፣ የገብስ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ሄድሁ። ስማዳ ከገባን በኋላ ዝናብ የነካው ዋልካ አፈር መኪናውን ያዘው። ወንዶቹ ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ ቢጥሉ ይሰምጣል፤ ሌላ ቢጨምሩ እሱም ይሰምጣል።

«ይኸ መሬት ከረጅም ጾም የወጣ ይመስላል፤ አይጠግብም» አለ ሾፌሩ።

«አንተን ሳያምረው ግፋ» አለችው አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ።

እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ይበልጣልን የዋጠው መሬት ትዝ አለኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

ወገዳ ያሳደረችኝ ጠላ ሻጭ የክክ ወጥ አቀረበችልኝ። የምሄድበትን ስነግራት ሒሳብ አልቀበልም አለች። «በሐዘን መንገድ ላይ አይነገድም፣ እማማ።»

አርብ ገበያ

በማግሥቱ ምስርና ስንዴ ከጫኑ አህዮች ጋር ወደ ታች ጋይንት ተሻግሬ ገበያ ገባሁ። ሞላን ያገኘሁት ከብት ተራ ነው። ማን እንደሆንሁ ስነግረው የያዘውን በሬ ለወንድሙ ሰጥቶ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ቤቱ ወስዶኝም አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ከግድግዳው አወረደ። ነጭ ናት፤ እንደ በግ ጠጉር ባና ትወፍራለች፣ ድርና ማግ ግን የላትም።

«ጂኦ ነበር የምንላት። ባቡሩ በጣም ፈጣን ነው ተብሏል፤ ሲከንፍ ከሥሩ ያለው መሬት ይናጣል። ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል። ይችን በመካከል ስናነጥፋት ሁለቱ አይቀላቀሉም። በላይዋ ደግሞ ጠጠሩን ጨብጦ የሚይዝ መረብ አለ።»

«ልጄንም በሷ ገነዛችሁት?»

«አቡጀዲ የሚሸጥበት ከተማ ሩቅ ነበር፣ እማማ። ሙቀቱም አይጣል ነው። ራቁቱን ከምንሰደው ብለን ከጥቅሉ ቆረጥን። የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

«ትበሰብሳለች?»

አቀረቀረ። «በእኛ ዕድሜ አትበሰብስም።»

ጨርቋን በጣቴ ዳሰስኋት። እሱ ተነሥቶ አፈር በተነባትና በጣሳ ውኃ አፈሰሰባት። አፈሩ ከላይ ቀረ፤ ውኃው ግን አልፎ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። «ውኃ አትከለክልም» አለኝ፤ የሚሰጠኝ ሌላ ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ቄስ አገኘሁ።

«አባ፣ መግነዙ አፈር ካላስገባ ልጁ እንዴት አፈር ይሆናል?»

«አፈሩ ከውጭ የሚመጣለት መስሎሽ ነው? አፈሩስ እሱ ራሱ ነው። የተኛውን ተዉት» አሉኝ።

መመለሻ

ቤት ስደርስ አለምነሽ ደጃፉ ላይ ነበረች። አንድም ሳልደብቅ ነገርኋት፤ የጨርቁን፣ የውኃውን፣ የቄሱን ቃል። አለቀሰች፤ ኋላም «እንግዲህ አይነካ፣ ይረፍ» አለች። እፎይ ልል ስል ቀና ብላ ደመናውን አየች።

«ውኃ ያሳልፋል አልሽኝ፣ እናቴ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እንግዲያ ክረምቱ ሲገባ ይበርደዋላ።»

ብዙ አገር ዞሬያለሁ። ለዚህ መልስ የሚገኝበት አገር ግን አላውቅም፤ ተነሥቶ የማይኬድለት ጥያቄ እንዳለ ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዝናቡም ጀመረ።