እማዬ የወለወለችው በር

እማዬ ሻዬ ውስጥ ሎሚ እንዳትጨምሪብኝ ካለችኝ ሳምንት አለፈ። ጉንፋን ይዟታል፣ ሳሉም ከደረቷ አልወርድ ብሏል፣ እኔ ደግሞ ለሳል ከሎሚ ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለም፤ ግን እምቢ ካለች እምቢ ናት። ዛሬ ጠዋት ረስቼ አንዱን ለሁለት ስከፍለው ጠረኑ ይቺን ሁለት እርምጃ የማትሞላ ማድ ቤት ሞላት፣ እኔም ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሌላው ሰው ሎሚ ሲሸተው ሰላጣ ወይ ዓሣ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን የሚሸተኝ ነሐስ ነው። ነሐስ፣ አመድ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ካዛንቺስ፤ በቃ እንዲህ ተያይዞ ይመጣና ይዞኝ ይሄዳል።

እናቴ ይርገዱ ትባላለች። እኔን በጀርባዋ አዝላ ከጎንደር አዲስ አበባ ከገባች በኋላ መጀመሪያ ያገኘችው ሥራ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኝነት መቀጠር ነበር፣ የመጨረሻዋም እሱው ሆነ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ሠራች። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። መንግሥት በተለወጠ፣ ሹም በተሻረ ቁጥር ስሙ ስለሚቀያየር እማዬ ራሷ አንዱንም በቅጡ ይዛው አታውቅም፤ "ሕንጻው" ነበር የምትለው፣ ሌላ ሕንጻ በከተማው የሌለ ይመስል። የቀበሌ ቤታችን ከሕንጻው ኋላ፣ አጥሩ ሥር ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሰባቱ ፎቅ ጥላውን ቆርቆሯችን ላይ ይጥልና ወደ አምስት ሰዓት ግድም ያነሣልናል፣ እማዬም ጎረቤቶቻችንም ልብስ የሚያሰጡት ያኔ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ጥላ ግን ሁላችንም ነበረን።

ያን ሕንጻ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልዞረው እችላለሁ። መስኮቶቹን ከፀሐይ የሚከልሉ ቀጫጭን የሲሚንቶ ክንፎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረውበት ከሩቅ ሲያዩት የሴት ማበጠሪያ ይመስል ነበር፣ በጥርሶቹ መሃል ደግሞ ርግቦች ይራቡበታል። የውስጡ ወለል ጠጠር ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ የተሞረደ ሆኖ እንደ ውኃ ያበራል። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከሰዓት በኋላ እማዬ ጋር እሄድና እሷ ከሁለቱ እግሮቼ ሥር የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ አስራልኝ፣ ሰም በተቀባው ኮሪደር ላይ ከመዝገብ ቤት እስከ ጠቅላላ አገልግሎት ድረስ እየተንሸራተትኩ አሳምረዋለሁ። ለእኔ ጨዋታ ነበር፣ ለእሷ እረፍት። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ማንበብን የጀመርኩት እዚያው ነው፣ በሮቹ ላይ ከተለጠፉት ጽሑፎች፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም እስከ ዛሬ "መዝገብ ቤት" የሚል ጽሑፍ ሳይ እግሬ መንሸራተት የሚያምረው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፊቱ በር ነበር። ከመንገዱ አሥራ ስምንት የእብነ በረድ ደረጃ ይወጣና አናቱ ላይ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የማይደርስበት ባለ ሁለት ተካፋች በር አለ፣ በያንዳንዱ ተካፋች ላይ ደግሞ ከእኔ ቁመት የሚረዝም፣ በስንዴ ዛላ ቅርጽ የተሠራ የነሐስ እጀታ። ያ በር አይከፈትም ነበር። ኃላፊዎቹ ከኋላ፣ ከጋራዡ በኩል በመኪና ይገባሉ፤ ባለጉዳዩም ሠራተኛውም በጎን ባለችው ጠባብ የቆርቆሮ በር እየተፈተሸ ይገባል። ለምን እንደማይከፈት በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። አንዱ ለጥበቃ አይመችም ይላል፣ አንዱ ቁልፉ ከበላይ ትእዛዝ አይወጣም ይላል፣ ማለቴ ምክንያት አልጠፋም፣ የጠፋው የሚከፍተው ነው።

እማዬ ግን ማንም የማይረግጠውን አሥራ ስምንት ደረጃ በየቀኑ ጠርጋ፣ ማንም የማይጨብጠውን እጀታ ማክሰኞና ዓርብ ትወለውላለች። ግማሽ ሎሚ አመድ ውስጥ ትነክርና እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች ጀምረን እየፈተግን መሃል ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያ የምንገናኘው የሷ ጉልበት አጠገብ ነበር፣ በኋላ ወገቧ ጋ ሆነ፣ ከዚያ ትከሻዋ ጋ፤ ያደግኩትን በእርሳስ ግድግዳ ላይ ያሠመረልኝ አልነበረም፣ በዚያ እጀታ ላይ ነው ያየሁት። ቅጠሎቹ ወርቅ ሲመስሉ እማዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትልና ፊቷን በነሐሱ ውስጥ ታየዋለች። ቤታችን መስታወት አልነበረም።

በሩ ላይ የተለጠፈች አንዲት ሰሌዳም ነበረች፣ እማዬ ከእጀታው እኩል የምታጸዳት። ማንበብ የጀመርኩ ሰሞን ምን ይላል አለችኝ። "መግቢያ በጎን በኩል ነው" ብዬ አነበብኩላት። "እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ነበር የመሰለኝ" አለችና ሳቋ መጣ፣ እኔም ሳቅኩ፣ እንባችን እስኪወርድ። ከዚያ ግን ጨርቁን አጣጥፋ ባልዲው ላይ አስቀመጠችና፣ ለእኔ ይሁን ለበሩ ባልገባኝ ድምፅ፣ "አንድ ቀን በሱ እገባለሁ" አለች።

ይቺን ምኞት ያጸናባት ጋሽ ፈለቀ የሚባሉት ዘበኛ ናቸው። ጋሽ ፈለቀ በጎረምሳነታቸው ሕንጻው ሲሠራ ድንጋይ ተሸክመዋል፣ አልቆ ሲመረቅም ዘበኛ ሆነው እዚያው ቀርተዋል። ያ በር ሲከፈት ያየ እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እሱም የተመረቀ ቀን አንዴ። በአዳራሹ ጀርባ፣ ከዋናው ደረጃ በላይ፣ ባለ ቀለም መስታወት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩና አረንጓዴው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ የተዘጋው በር እግር ሥር ይቆማል። ጋሽ ፈለቀ እንደሚሉት ሕንጻውን የነደፈው ሰው በሩ ሲከፈት ብርሃኑ አልፎ እስከ ውጭው ደረጃ እንዲፈስ ብሎ ነው የሠራው፤ የሚገባ ሰው ቀለም እየረገጠ እንዲገባ። "በጎን የገባ ሰው ያየው ምኑን ነው? የደረጃውን ሆድ ነው ያየው" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። እኛ ሁላችን ያን ሕንጻ ከብብቱ ሥር ነው የምናውቀው።

አንድ ጊዜ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለና በሩ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ ነገሠ። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃውን በብሩሽ አሸችው፣ እኔ የስንዴውን ቅጠሎች አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። በዕለቱ የጽዳት ሠራተኞች እንዳይታዩ ተብሎ እማዬና ጓደኞቿ የመጥረጊያ ማስቀመጫዋ ክፍል ውስጥ ገቡ፣ እኔም በእማዬ ጋዋን ሥር። ዝናብ ጣለ። እንግዳው ከጋራዡ በኩል ገብቶ ከጋራዡ በኩል ወጣ። ከመጥረጊያዎቹ መሃል ስንወጣ ጋሽ ፈለቀ ከነካፖርታቸው በስብሰው አገኘናቸው፤ እማዬን አይተው፣ "ግድ የለም ይርጌ፣ አንቺ ጡረታ ስትወጪ እኔ እከፍትልሻለሁ። ዑራኤልን" አሏት። እሷም የዋዛ አልመሰላትም። ከዚያ ወዲያ ሲደክማት፣ ወገቧን ሲያማት፣ ኃላፊ ሲያመናጭቃት፣ ያቺን ቀን ነበር የምትቆጥረው።

ቀኗ ስትደርስ እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሠራተኞቹ አራተኛ ፎቅ ላይ ለስላሳና ዳቦ አቅርበው አንድ ጋቢ አለበሷትና ወደየቢሯቸው ተመለሱ። እማዬ ለዚያ ቀን ያሰፋችውን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ጋቢውን ደርባ፣ በጎኑ በር ወጥታ ዞረችና ከአሥራ ስምንቱ ደረጃ ግርጌ ቆመች። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ነበር፣ ጋሽ ፈለቀ የመረጡላት፣ ፀሐይ መስታወቱ ላይ የምታርፍበት ሰዓት። እኔ ክንዷን ይዤ አወጣኋት። የጠረገችው ደረጃ ላይ ጫማዋን እያየች፣ እንዳታቆሽሸው እየሰጋች ነበር የምትረግጠው።

ጋሽ ፈለቀ ቁልፉን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅናቸውም። አስገቡት። አልዞር አለ። አውጥተው በትንፋሻቸው እፍ ብለውበት መልሰው አስገቡት፣ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ከዚያ ከኪሳቸው ፒንሳ አወጡና ጠመዘዙት። ቀጭን ድምፅ ሰማን፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ። ግማሹ ቁልፍ ፒንሳው ላይ ቀረ፣ ግማሹ በሩ ሆድ ውስጥ። እማዬ ሃያ ሁለት ዓመት ውጭውን ስትወለውል ውስጡ ዝጎ አንድ ሆኖ ነበር። ሎሚው እዚያ አይደርስማ።

ጋሽ ፈለቀ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። "ይቅር በይኝ ይርጌ" አሉ።

እማዬ የጋቢዋን ጫፍ ይዛ፣ ግንባራቸው ያረፈበትን ቦታ፣ ወዙ ሳይደርቅ ጠረገችው። "ይተዉት ጋሼ። ቢከፈትም ያቆሽሹት ነበር" አለች። ከዚያ ወረድን። የተሰበረውን ቁልፍ አንድ ቀን አንድ ሰው ይጠይቀኛል እያሉ ጋሽ ፈለቀ እስኪሞቱ ሲፈሩ ኖሩ፤ የጠየቃቸው አልነበረም። በሩን ሊከፍት የሞከረ ሰው ከእሳቸው በኋላ አልመጣማ።

አሁን ሰፈራችን የለም። ቤታችን ፈረሰ፣ ጎረቤት ሁሉ እጣ እንደወጣለት ተበተነ፤ ለእኛ የደረሰን ከከተማው ጫፍ፣ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ የሚወስድ፣ አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬን አራት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ካወጧት ወዲህ አልወረደችም። በረንዳ ላይ ትቀመጥና ከፊት ለፊት ያለውን እኛኑ የመሰለ ሕንጻ ታያለች። "ይሄስ ፊቱ በየት ነው?" አለችኝ አንድ ቀን። ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩላት፣ እኔም አላወቅኩትም።

ባለፈው ሳምንት የድሮ ጎረቤታችን አስቴር፣ እዚያው አካባቢ ሆቴል ውስጥ ልብስ የምታጥበው፣ ደወለች። ሕንጻውን ሊያፈርሱት ነው፣ የፊቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል አለችን። እማዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሥር ሆና ሰምታ ኖሮ ከአልጋዋ ቀና አለች። "ሂጂ" አለችኝ። "ሂጂና ስለኔ በሱ ግቢ። እጀታውን ያዥልኝ።"

ሄድኩ። ከታክሲ ስወርድ ካዛንቺስ ሰማይ ብቻ ሆኗል። ደረጃው ግን ነበር፣ አሥራ ስምንቱም፣ የአቧራው ብዛት እብነ በረድነቱን አስረስቶት፤ ከላይ እስከ ታች ጣውላ አጋድመውበት በጋሪ ፍርስራሽ ያወርዱበታል። በሩ እውነትም ተከፍቷል። ተካፋቾቹ ግን ቦታቸው ላይ የሉም፤ በማሽን ተቆርጠው ከአጥሩ ጋ ተደግፈዋል። እጀታዎቹ ተነቅለው በቦታቸው አራት ቀዳዳ ቀርቷል። የቁልፉን ቀዳዳ ፈልጌ ጣቴን ሰደድኩ። የጋሽ ፈለቀ ግማሽ ቁልፍ እዚያው ነበር።

ከዚያ ቀሚሴን ሰብስቤ ደረጃውን ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቢጫ ቆብ ያደረገ ልጅ እግር ሠራተኛ ከላይ አየኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፣ እንዳልወድቅ ሰግቶ ነው።

"ማዘር፣ በዚህ አይቻልም። በጎን ዙሪ" አለኝ።

ወረድኩ። በጎንም አልገባሁም። ከታች ሆኜ በተከፈተው በር አሻግሬ ባይ ባለ ቀለም መስታወቱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ ብርሃኑ ግን እየፈሰሰ ነበር፣ ነጭ ብርሃን፣ እስከ ደረጃው ድረስ። ጋሽ ፈለቀ አልዋሹም።

ማታ ስገባ እማዬ ሳትተኛ ጠበቀችኝ። መዋሸት አይሆንልኝም ነበር፣ ያን ቀን ግን መንገዱን ሁሉ ተለማምጄው መጣሁ። ገባሁልሽ አልኳት። በዋናው በር ገባሁልሽ፣ ቀለሙን ረገጥኩልሽ፣ እጀታው ዛሬም ያበራል፣ በእጄ ይዤ ገፋሁት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስጨርስ ቀኝ እጄን ሳበችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። እጇ እንደ ወፍ እግር ቀሏል፤ አሁን እጀታ ብንወለውል የት ጋ እንደምንገናኝ እንጃ።

"ዝገት ነው" አለች።

እጄን ለቀቀችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች። በነጋታው ሻይ ሳቀርብላት ነው ሎሚውን እንዳትጨምሪብኝ ያለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ካዛንቺስም ስለ ሕንጻውም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንድ የቀራት ነገር ያ በር ነበር፣ እሱንም እኔው በእጄ ይዤላት መጥቼ ነጠቅኳት።

የቆረጥኩትን ሎሚ በፌስታል ቋጥሬ ጣልኩት። ይሄ ቤታችን ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ ፊትም እሱ ነው ጎንም እሱ። እማዬ አንድ ቀን በሱ በኩል በሰው ሸክም ትወጣለች፣ አራቱን ፎቅም ትወርዳለች፤ ይሄን እሷም ታውቃለች እኔም አውቃለሁ። ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ የሚሸከሟትን አንድ በአንድ በስማቸው እጠራቸው ነበር። እዚህ ግን ጎረቤቶቹን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው እንደምን አደራችሁ ከማለት በቀር፣ የማንኛቸውንም ስም አላውቅም።