ጂፒኤሱን ለክረምት መንገድ እንዳስተካከልሁት

ሥራ የጀመርሁት ፍኖተ ሰላም ነው። በመጀመሪያው ቀን ጧት የቡድን መሪያችን አቶ ይበልጣል የሞተር ሳይክል ቁልፍ፣ ሄልሜትና አንድ የናይትሮጅን ኮንቴይነር አስፈርመው ሰጡኝ። ኮንቴይነሩ ሲያዩት የወተት ጋን ይመስላል፤ ውስጡ ግን እጅ የሚያቃጥል ብርድ ነው። የተመረጠ ኮርማ ዘር በቀጫጭን ስትሮ ታሽጎ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። መደቤ የእንስሳት ማዳቀል ቴክኒሻን ይባላል። ገበሬው ግን ባጭሩ "ባለኮርማዋ" ይለኝ ነበር።

"ትርንጎ፣ ሞተር ትችያለሽ?" አሉኝ አቶ ይበልጣል።

"መንጃ ፈቃድ አለኝ።"

"እሱን አላልሁሽም።"

ሞተሩን አስነሳሁት። በባጃጅና በፈረስ ጋሪ መካከል ተሹለክልኬ የማንኩሳን አስፋልት ያዝሁ። እስክታጠፍ ድረስ በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

በዚህ ሥራ ቁም ነገሩ ሰዓት ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው ከአንድ ቀን ላነሰ ጊዜ ነው። ጧት ምልክት ካሳየች አመሻሹ ላይ መዳቀል አለባት። ካለፋት እንደገና ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ገበሬ ሲደውል መጀመሪያ የምጠይቀው ቤቱ የት እንደሆነ ነው። መልሱ "ከግራሩ ዝቅ ብለሽ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ" ዓይነት ነው። ግራር ደግሞ ሞልቷል።

ሦስት ዓመት እንዲህ እየጠየቅሁ ሄድሁ። ከዚያ አንድ ፕሮጀክት ሞተር ላይ የሚገጠም ጂፒኤስ ላከልን። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ መጥቶ ግማሽ ቀን አስተማረን። ያሳየን ካርታም የአዲስ አበባ ነበር። እሱ እንደሄደ ባልደረቦቼ መሣሪያቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። እኔ የኔን ከሞተሩ እጀታ ላይ አሰርሁ፤ ገመዱንም ከባትሪው ጋር አገናኘሁት።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ጧት መሪጌታ ልሳነወርቅ ላማቸው ትናንት ማታ ጀምራለች ብለው ደወሉ። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከፈጣም ወንዝ ማዶ ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ያለቻቸው አንድ ላም ናት። ቤታቸው በበጋ ሄጄ ስለነበር ነጥቡን መሣሪያው ላይ መዝግቤዋለሁ። ነጥቡን ስነካው መሣሪያው አጭር መስመር አሰመረልኝ። ደስ ብሎኝ መስመሩን ይዤ ወረድሁ። መስመሩ አፋፍ አውርዶ፣ ድልድይ የሌለው የደፈረሰ ውሃ ዳር አቆመኝ። ሞተሩን እየገፋሁ ወጣሁ። ዞሬ እሳቸው ደጅ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ መድረስ የነበረብኝ ከስድስት በፊት ነበር። ላሟን መረመርኋት። አልፏታል።

መሪጌታ አልተቆጡም። መሣሪያውን ጎንበስ ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ይህ ነገር መንገዱን ከማን ነው የሚጠይቀው?"

"ከሰማይ ነው፣ የኔታ። ከሳተላይት።"

"የሰማዩን መንገድማ እኛም ስናስተምር ኖረናል። ያስቸገረን የምድሩ ነው።"

አፈርሁ። እሳቸው ቀጠሉ፦ "ሲያልፋት ይህ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ሦስተኛውም ካለፋት በማግሥቱ ገበያ ትወጣለች። ለሥጋ።"

አቶ ይበልጣል የሆነውን ሰምተው ቢሮ አስጠሩኝ። "ጂፒኤሶቹን ለንብረት ክፍል እንመልሳለን። ለእኛ አገር አይሠሩም ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ።"

"ሦስት ሳምንት ይስጡኝ" አልኋቸው።

"ለምን ሦስት ሳምንት?"

"የመሪጌታ ላም እስክትመለስ።"

ሳቁና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ሦስት ሳምንት፤ ከዚያ አንድ ቀን አታልፊም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጬ መዝገበ ቃላት ይዤ የመሣሪያውን ሴቲንግ አንድ በአንድ ከፈትሁ። አንዱን እለውጣለሁ፣ ሞተሩን አስነሥቼ የማውቀው ቦታ ድረስ እሞክረዋለሁ፣ ያየሁትን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አልለውጥም።

ወንዝ ዳር ያቆመኝ ምን እንደሆነ ያገኘሁት በሁለተኛው ቀን ነው። የጉዞው ዓይነት "ቀጥታ መስመር" ላይ ነበር። መሣሪያው መንገድ አልመረጠልኝም፤ ካለሁበት እስከ ነጥቡ አስምሮ ብቻ ነው የሰጠኝ። እኔ መስመሩን መንገድ አልሁት። "በመንገድ" ወደሚለው ስቀይረው ደግሞ ከአስፋልት አልወርድም አለ። ለካ "ጥርጊያና የአፈር መንገድ አስወግድ" የሚል ምልክት ተደርጎበት ኖሯል። በእኛ አገር እሱን ካስወገዱ ምን ይቀራል? ምልክቱን አነሣሁት። ተሽከርካሪውም መኪና ይል ነበር፤ ሞተር ሳይክል አደረግሁት። ያን ጊዜ ጥቂት የጠጠር መንገዶች ብቅ አሉ።

ከጠጠሩ ወዲያ ግን ካርታው ባዶ ነበር። ያንን ሴቲንግ አይሞላውም። መሣሪያው የሄድሁበትን እየመዘገበ እንደሚያስቀምጥና መልሶ እንደሚመራኝ ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስለዚህ በገበያ ቀን ቡሬ ሄጄ ከመሪጌታ ሰፈር የመጡ ሴቶች ፈለግሁ።

"በክረምት የምትመላለሱት በየት ነው?" አልሁ።

"ወንዙንማ በሐምሌ ማን ይደፍረዋል፣ እታለም!" አለችኝ አንዷ፣ አህያዋን እየጫነች። "በድልድዩ ዞረን በሸንተረሩ ነው። ይረዝማል እንጂ አህያ አያሰምጥም።"

የተጫነ አህያ ካላሰመጠ ሞተሬንም አያሰምጥም ብዬ ተከተልኋቸው። እነሱ በእግር፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ። ያንን መንገድ በፈረንጅ ፊደል "ክረምት" ብዬ አስቀመጥሁት። አንድ የቀረኝ ነበር፤ ከመስመር ስወጣ መሣሪያው ሳይጠይቀኝ ሌላ መንገድ ያወጣ ነበር። እሱንም "አስቀድመህ ጠይቅ" ላይ አደረግሁት።

በሃያ አንደኛው ቀን ማንኩሳ አንዲት ላም አዳቅዬ እጄን ስታጠብ ስልኩ ጮኸ።

"ልጄ፣ ጧት ጀምራለች" አሉ መሪጌታ። ሌላ አልጨመሩም።

ዝናቡ ይወርዳል። ለአቶ ይበልጣል ደወልሁ። "በዚህ ዝናብ? ነገ ጧት ሂጂ" አሉኝ።

"ነገ ላሟ ገበያ ናት።"

 "እንግዲያው ተጠንቅቀሽ ሂጂ" አሉ።

ከቡሬ አልፌ ከአስፋልቱ ስወርድ መሣሪያው ሌላ መንገድ ላውጣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም ብዬ "ክረምት"ን ከፈትሁ። ድልድዩን ተሻገርሁ። ሸንተረሩ ላይ ጉም ወረደና ከፊቴ አሥር እርምጃ አይታይም። አንድ መገንጠያ ላይ ሰፊው ዱካ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ተከተልሁት። ወዲያው ቀስቷ ከመስመሩ ወጣች። ቆምሁ፣ ተመለስሁ፣ ጠባቡን ያዝሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከቀስቷ አላነሣሁም።

አሥር ሰዓት ላይ መሪጌታ ደጅ ደረስሁ። ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።

"በየት መጣሽ? ወንዙ ሞልቷል እኮ!"

"በሸንተረሩ፣ የኔታ።"

ላሟ አላለፋትም። ስትሮውን ከናይትሮጅኑ አውጥቼ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ አቆየሁት፤ አደረቅሁት፣ ጫፉን ቆረጥሁት፣ ማዳቀያው ዘንግ ላይ ጫንሁት። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሲያልቅ እጄን ታጠብሁ።

"አሁንስ?" አሉኝ።

"አሁን ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ካልጠሩኝ ይዟል።"

አልጠሩኝም። በዘጠኝ ወሩ ግን ጧት በማለዳ ደወሉ። "ሴት ናት! ቆማ ትጠባለች!" ቢሮ ውስጥ እልል አልሁ። አቶ ይበልጣል ከወንበራቸው ተነሡ፤ ሲነገራቸውም አጨበጨቡ። ሪፖርቱን ከጻፉት ቆይተዋል፤ ጂፒኤሶቹ ይሠራሉ የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት ከየወረዳው የመጡ ቴክኒሻኖችን እንዳሠለጥን አደረጉኝ። ካርታ ሳሳያቸው የራሳችንን አሳየኋቸው። እነሱም መሣሪያቸውን ከመሳቢያ አውጥተው የየአካባቢያቸውን የበጋና የክረምት መንገድ መዝግበው ላኩልኝ። በአንድ ላይ ሳስገባው ያ ባዶ ስክሪን በመስመር ተሞላ። ቡሬ፣ ጅጋ፣ ቋሪት፣ እስከ አዴት።

አንዱ ጎልማሳ ቴክኒሻን "ትክክለኛው ሴቲንግ የቱ ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ለሱ ያልሁትን ለእናንተም እላለሁ። አዲስ መሣሪያ ሲሰጣችሁ ያለበትን ሴቲንግ በሙሉ አንብቡ። አንድ በአንድ ለውጡና የምታውቁት መንገድ ላይ ሞክሩት። የምትሞክሩትም ላም በማትጠብቅበት ቀን ይሁን።