ላሊበላን ያስጎበኘሁበት ቀን

በደርግ ዘመን፣ ድርቁ በበረታበት ዓመት፣ አስተርጓሚ ሆኜ የውጭ አገር እንግዶችን ወደ ላሊበላ አጅቤ ሄድኩ። ከኮልፌ ስነሳ እናቴ እዚያ የቀረችውን እህቷን እንድፈልግላት አደራ አለችኝ። አክስቴ ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተቀምጣ አዝላ ያሳደገችኝ ናት።

እንግዶቹ ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ዞረው አዩ፤ ተራራውንም ፎቶ አነሱ። የተራበው ሕዝብ እንዳይጠጋቸው ወታደሮች ከመንገዱ ማዶ አግደውታል። ከሕዝቡ መሀል አክስቴን አየኋት። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ስታየኝ በስሜ ተጣርታ እጇን ዘረጋች።

"ምን እያለች ነው?" አለችኝ አንዷ እንግዳ።

አጠገቤ የቆመው ካድሬ ዓይኑን ተከለብኝ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው" ብዬ ተረጎምኩ።

እንግዳዋ ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበችላት። ወደ መኪናው ገባን።

ቤት ስደርስ እናቴ ገና ከበሩ "አገኘሃት?" አለችኝ።

"ከአገር ወጥታለች አሉኝ።"

"ተመስገን፤ እህል ያለበት ሄዳለች ማለት ነው" አለች።

ክረምቱ ሳይገባ የአክስቴን ሞት ከአንድ የአገሯ ሰው ሰማሁ። ለእናቴ ግን እስክትሞት አልነገርኳትም።