ረመጥ እግሩን የታጠበ ዕለት

የጎረቤቴ የክንዴ ቤት ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ወጪ ወራጁ ሁሉ በደጁ ስለሚያልፍ ቤቱ እንግዳ አያጣም። ክንዴ ደግሞ ግትር ነው፤ እግሩን ሳይታጠብ እሱ ቤት የሚያድር ሰው የለም። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን እየነገሩ ነው ያሳደጉት። ጫማ የተጫማ ጎብኚ እንኳ፣ ግድ የለም፣ ደህና ነኝ ቢለው አይሰማም፤ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ራሱ ይፈታል። አንዳንዴ ይሄ ትሕትናው ከትዕቢት አይለይብኝም። ብዬውም አውቃለሁ፤ ለወራት ተኮራርፈናል።

ባለፈው ግንቦት ልጁ ሊድያ ነጭ ሽንኩርት አስጭና ወደ ቆላ ወረደችና ቀረች። መኪናው በረሃው ዳር ተበላሽቶ ሾፌሩ መለዋወጫ ፍለጋ ሲሄድ፣ እሷ ውሃ ልፈልግ ብላ ከመንገድ ወጥታ ኖሯል። ስልኳ አይነሳም። ክንዴ እህል አልቀምስ አለ። በቅሎውን ጭኖ ሊወርድ ሲሰናዳ ነው ረመጥ ልጅቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በሁለት ክንዱ ታቅፎ ከአፋፉ ብቅ ያለው።

ረመጥ ነዲድ ነው። ነዲዶች ከቆላው ማዶ፣ በአሸዋው ምድር የሚኖሩ፣ ከአሸዋና ከትኩሳት የተፈጠሩ ነገድ ናቸው። መልካቸው የሰው ነው፤ ሲቀርቧቸው ግን እንደ ምድጃ ፊት ይለበልባሉ። ወደ ደጋ አይወጡም። እኛም ስለነሱ የምናውቀው ከነጋዴ የሰማነውን ብቻ ነበር። ደመና ባዘለ ሰማይ ሥር እስከ ደጃችን መምጣቱ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀው ያን ጊዜ አልገባንም።

የክንዴ ሚስት መስከረም ልጇን መደብ ላይ አስተኝታ ከንፈሯን በውሃ ታርስላት ጀመር። ክንዴ እንባው እየወረደ እንግዳውን በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ያው የለመደውን አደረገ፤ ሳህንና የውሃ ጣሳ ይዞ ከፊቱ ተንበረከከ። ረመጥ ውሃውን አየ፤ ቀና ብሎም እኔን አየኝ። የሆነ ነገር ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቀኝ እግሩን ዘረጋ።

ውሃው ሲያርፍበት ቤቱን እንፋሎት ሞላው። ጣቶቹ እየሟሙ ሳህኑ ላይ ወረዱ። ክንዴ በእንፋሎቱ ውስጥ የመንገድ አቧራ የለቀቀ መስሎት ጨመረበት። ረመጥ የበርጩማውን ጠርዝ ጨብጧል፤ የጨበጠው እንጨት ይጨሳል። ይሄኔ ሊድያ ከመደቡ ላይ ነቃች።

"አባዬ፣ ተው። ውሃ ያፈርሳቸዋል" አለች በደከመ ድምፅ። "እሱ ደግሞ አይነግርህም። በነሱ ሕግ የቤቱን ባለቤት እምቢ ያለ እንግዳ ጠላት ነው፤ መንገድ ላይ ነግሮኛል።"

ጣሳው ከክንዴ እጅ ወደቀ። ሳህኑ ውስጥ ያለው እርጥብ አሸዋ ነበር፤ ከረመጥ ቁርጭምጭሚት በታች ምንም የለም። ልጁን ያተረፈለትን እንግዳ በገዛ እጁ ሊገድል ነው። ረመጥ ብርዱ ከእግሩ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን፣ ልቡ ጋ ሳይደርስ ትኩስ አሸዋ ካላገኘ እንደሚያበቃለት ነገረን። ውጭ ነጎድጓድ ጀምሯል።

መንገዱን ናዳ ዘግቶት ስለነበር ወደ በረሃው የሚያደርስ መኪና የሚገኘው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። በቅሎዋ ግለቱ ሲነካት ረግጣ ፈረጠጠች። ክንዴ አጎዛ ጀርባው ላይ ደርቦ ረመጥን አዘለው። እኔ ዝናቡ እንዳይነካው ላስቲክ ዘርግቼ ከላይ እየከለልኩ አብሬው ወረድኩ። የአጎዛው ፀጉር ሲያር ይሸታል። ላግዝህ ስለው፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ ብሎ ከለከለኝ። መጀመሪያ ከግለቱ የተነሳ እጄን ዘርግቼ ራቅ ብዬ ነበር የምሄደው፤ እኩሌታው ላይ ስንደርስ ግን የረመጥን ትከሻ በእጄ መንካት ቻልኩ። ያኔ ነው በጣም የፈራሁት። ክንዴም ሸክሙ ሲቀዘቅዝለት ጊዜ እያለቀሰ መሮጥ ጀመረ።

ከግርጌው አይሱዙ ለምነን በረሃው ዳር ደረስን። ነዲዶቹ ከአሸዋው ውስጥ ብቅ ብቅ አሉና ረመጥን ተቀብለው እስከ አንገቱ ቀበሩት። እንደ ሞተ ሰው ዝም ብሏል። አንዲት አሮጊት ወደ ክንዴ ዞረው፣ እንግዳችን ነህ፣ ተቀመጥ አሉት። ከዚያ የጋመ አሸዋ በሁለት እጃቸው ዘግነው ከፊቱ ተንበረከኩ።

ገባኝ። ተነስ እንሂድ ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ክንዴ የተቀበረውን ረመጥ አየ፣ እኔን አየኝ፣ ጫማውን አወለቀ። ቀኝ እግሩን ዘረጋ።

አልጮኸም አልልም፤ ጮኋል። ረመጥ በጩኸቱ ነቃ። አሮጊቷ ወደ ግራው እግር ሲሄዱ፣

"እማማ፣ አንዱ ይበቃል" አላቸው። "እኔም የታጠብኩት አንዱን ነው። እኛን የሚያሞቀን እነሱን ያቃጥላቸዋል።"

አሮጊቷ ደንግጠው እጃቸውን ከፈቱ፤ አሸዋው መሬት ወረደ። ምን እንዳደረጉ ገብቷቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ በኔ ነጠላ የክንዴን እግር መጠቅለል ጀመርኩ። ረመጥ ከቁርጭምጭሚቱ የቀረውን እግሩን እየጎተተ ከአሸዋው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ገላው እንደገና ግሏል።

"ለምን እምቢ አላልከኝም?" አለው ክንዴ።

"አንተስ ለምን አላልካቸውም?" አለ ረመጥ።

ክንዴ በነጠላዬ የተጠቀለለውን እግሩን አየ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ወደ ቤት ደውዬ ለሊድያ እንድነግርለት ጠየቀኝ።

"እንግዳችን ደህና ገባ በላት" አለኝ።